ሁለተኛው ጆይስቲክ

ሰፈራችን የነበረው ጌም ቤት ሦስት ቴሌቪዥን ነበረው። ሁለቱ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ዊኒንግ ይጫወቱባቸዋል፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ከወንበሩ አይነሳም። ሦስተኛው ጥግ ላይ ነው። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ ኳስ ተጫዋች አይመርጠውም። እኔና ታላቅ ወንድሜ የምንቀመጠው እዚያ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፤ እኛ ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎልን ከአሥራ ስምንት መቶ ዓመት በፊት ቻይና ውስጥ በተደረገ ጦርነት መሀል ነን።

ሲዲው ሽፋን አልነበረውም። በማርከር የተጻፈ «3» የሚል ቁጥር ብቻ ነበረበት። ስሙን ያወቅነው ጨዋታው ሲከፈት ነው፦ ዳይናስቲ ዋርየርስ። ባለቤቱ ሰዓት ሲቆጥር ከደጅ ሆኖ «ቻይናዎቹ፣ አለቀ!» ይለን ነበር።

ከሁሉ ደጋግመን የተጫወትነው የቻንግባንን ጦርነት ነው። ዘመኑ 208 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ሊዩ ቤይ የተባለው የጦር መሪ ከባላጋራው ከጻኦ ጻኦ ሠራዊት እየሸሸ ነው። አብሮት የሚሸሸው ሕዝብ ጓዙን ጭኖ፣ ልጁን አዝሎ ስለሚጓዝ አይፈጥንም፤ ሊዩ ቤይ ደግሞ ሕዝቡን ጥዬ አልሄድም ብሏል። በግርግሩ መሀል ጨቅላ ልጁ ከኋላ ቀርቷል። ዣኦ ዩን የተባለው ፈረሰኛ ብቻውን ወደ ጠላት መሀል ተመልሶ ሕፃኑን ታቅፎ ይወጣል። ዣንግ ፌይ ድልድይ ላይ ቆሞ አሳዳጁን ሠራዊት ይገታል። እኔ ዣኦ ዩንን እይዛለሁ፣ ወንድሜ ዣንግ ፌይን። እኔ ሕፃኑን ፍለጋ ስጋልብ እሱ ድልድዩን ይጠብቃል።

ወንድሜ እየተዋጋም ቢሆን ዓይኑ ከትንሿ ካርታ አይነቀልም ነበር። ሰማያዊ ነጥብ የኛ ነው፣ ቀይ ነጥብ የጠላት። እኔ አንዱን የጦር አለቃ ለመጣል ስታገል፣ ጉልበቱ ሊያልቅ አንድ ሁለት ምት ሲቀረው፣ «ተወው! ቀኝ ክንፉ ሊፈርስ ነው፣ ሂድ!» ይለኛል። እናደዳለሁ። እሄዳለሁ። ስደርስ የኛ አለቃ ጉልበቱ ተሟጥጦ በጠላት ተከቦ አገኘዋለሁ። እኔ ገብቼ ስበታትናቸው የወደቀው ወኔ ይነሳል፣ ቀዩ ነጥብ እያፈገፈገ ሰማያዊው ወደፊት ይሄዳል።

ስለዚህ ጨዋታ ሲወራ ሁልጊዜ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ቁልፍ እየደበደቡ ሺህ ሰው መግደል። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ስሰማ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልተቀበልኩትም። ሺሁ ሰው ለዓይን ነው። ጨዋታው ያለው በዚያች ካርታ ላይ ነው፤ በሰፊ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ሆነህ የት መድረስ እንዳለብህ፣ ማንን ማትረፍ፣ ማንን መተው እንዳለብህ መወሰን። ተከታታዩ ይህን ባስታወሰ ቁጥር ድንቅ ሥራ ወጥቶታል፤ በረሳ ቁጥር ደግሞ ወድቋል። በሁለቱም ጊዜ ስለነበርኩ ያየሁትን ልጻፍ።

መጀመሪያ ጭራሽ ሌላ ጨዋታ ነበር። በ1997 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የወጣው አንድ ለአንድ የሚገጥሙበት የድብድብ ጌም ነው፤ ሁለት ሰው፣ አንድ መድረክ፣ ሰይፍ ለሰይፍ። የሠራው ኦሜጋ ፎርስ የተባለው የኮኤ ቡድን ነው። ኮኤ ያኔ በሌላ ነገር ይታወቅ ነበር፤ ከ1985 ጀምሮ ቻይና ለሦስት በተከፈለችበት በዚያው በሦስቱ መንግሥታት ዘመን ታሪክ ላይ የስትራቴጂ ጨዋታዎችን ይሠራል። በቀስታ፣ ተራ እየጠበቁ፣ እህልና ወታደር እየቆጠሩ አገር የሚገዙባቸው ጨዋታዎች ናቸው። ያ ቤት የሜዳውን ነገር ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በመጋቢት 2000 ፕሌይስቴሽን 2 ጃፓን ውስጥ ወጣ። በነሐሴ ኦሜጋ ፎርስ ሁለቱን ዓለም አንድ ላይ አጋባ፦ ከድብድቡ ጌም ሰይፉን፣ ከስትራቴጂው ካርታውን። ጃፓኖች ለዚህ አዲስ ነገር አዲስ ስም ሰጡት፣ ሺን ሳንጎኩ ሙሶ። ሺን እውነተኛ ነው፣ ሳንጎኩ ሦስቱ መንግሥታት፣ ሙሶ አቻ የሌለው። ለእነሱ ከአንድ የሚጀምር አዲስ ተከታታይ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን ዳይናስቲ ዋርየርስ 2 ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጃፓኑ ቁጥር ከእንግሊዝኛው በአንድ አንሶ ኖረ፤ እኛ ሦስት የምንለው ለጃፓን ልጅ ሁለት ነው። እኔ የማውቀው በእንግሊዝኛው ቁጥር ስለሆነ በሱ እቀጥላለሁ።

አጨዋወቱ ሲታይ ቀላል ነው። ከጆይስቲኩ ቁልፎች ካሬዋ ተራ ምት ናት። ሦስት ማዕዘኗ ከባድ ምት ናት። ምስጢሩ ከስንት ካሬ በኋላ ሦስት ማዕዘኗን እንደምትጫን ነው፤ ከአንድ ካሬ በኋላ ጠላትን ወደ ላይ ታነሳዋለህ፣ ከሦስት በኋላ ዙሪያህን ትጠርጋለህ፣ እያለ ይሄዳል። ክቧ ሙሶ ናት። ስትመታም ሲመቱህም እየሞላች የምትሄድ ጉልበት ናት፤ ስትሞላ ትለቃታለህ፣ በዙሪያህ ያለው ሁሉ ይበተናል። ጉልበትህ ሲመነምን ከሳጥንና ከእንስራ ውስጥ በሥጋ የተሞላ የቻይና ዳቦ ፈልገህ ትበላለህ። በቃ፣ በአሥር ደቂቃ ይለመዳል።

ሜዳው ግን በአሥር ደቂቃ አይለመድም። ሁለቱም ወገን ወኔ አለው፤ አለቃ ሲሞት ይወርዳል፣ ምሽግ ሲያዝ ይነሳል። ወኔው የወረደበት ወገን አለቆቹ አንተ ባትደርስባቸው እንኳ በሩቅ ይሸነፋሉ። በቀደሙት ክፍሎች በሮች ነበሩ፤ የበሩ ጠባቂ እስካለ ድረስ ከበሩ አዲስ ወታደር ይጎርፋል፣ ጠባቂውን ስትጥለው በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ታዋቂውን ጀግና ትተህ ስም የለሹን የበር ጠባቂ ማሳደድ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ወንድሜ ይህን ከኔ ቀድሞ ነው ያወቀው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ሆኜ ስለማየው ነገር ትንሽ ልበል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ጀግናው የጠላትን አለቃ ከጣለ በኋላ ድሉን ጮክ ብሎ ያስታውቃል፣ ወታደሩ ያስተጋባል። ፉከራ ነው። ሌላ ስም አላገኘሁለትም። የዘመኑ አስፈሪ ተዋጊ ሉ ቡ የሚፈራው በጦሩ ብቻ አይደለም፣ በፈረሱም ነው፤ ቀዩ ጥንቸል የሚባል ፈረስ አለው፤ ሉ ቡ ከሞተ በኋላ፣ ይህን ዘመን በሚተርከው ልብ ወለድ፣ ፈረሱ ለሊዩ ቤይ የቃል ኪዳን ወንድም ለጓን ዩ ይደርሳል። አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው እየተባሉ ንጉሦቻቸው በፈረስ ስም የተጠሩባት አገር ልጅ ይህ አይደንቀውም። የታሪኩ አጥንትም ሩቅ አይመስለኝም። በ184 ቢጫ ጥምጣም ያሰሩ ገበሬዎች በሃን ሥርወ መንግሥት ላይ ተነሱ፤ አመፁ ሲከሽፍ አመፁን ለመደምሰስ የተላኩት መሳፍንት እርስ በርስ ተበሉ። በ196 ጻኦ ጻኦ ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት ወደ ራሱ ከተማ ወስዶ በንጉሡ ስም ማዘዝ ጀመረ። ከራስ ሚካኤል ስሁል ጀምሮ ጎንደር ላይ ንጉሥ እያስቀመጡ ንጉሥ ያወረዱትን የዘመነ መሳፍንት ጌቶች ያነበበ ሰው፣ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠውና አገሩን የሚገዛው አንድ ሰው ያልሆነበትን ሁኔታ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። እኔ የታሪክ ክፍል ውስጥ ስለ ዘመነ መሳፍንት ስማር በአእምሮዬ የመጣው ያ አረንጓዴ ቴሌቪዥን ነበር።

ወደ ጨዋታው ልመለስ።

ሁለተኛው ክፍል 28 ጀግና ነበረው፤ እኛ የተጫወትነው ሦስተኛው፣ በ2001 የወጣው፣ 41። ለሁለት መጫወት የተቻለው ከዚህ ከሦስተኛው ጀምሮ ነው፤ ለኔ ከለውጦቹ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ማሽኑ አቅም ስላልነበረው ከሩቅ ያለው ወታደር በጉም ተሸፍኖ፣ ስትቀርበው ድንገት ከመሬት እንደበቀለ ይወጣ ነበር። ለሁለት ስንሆን ደግሞ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ሰው የባሰ ይቀንሳል። አንድም ቀን አላማረርንም። እያንዳንዱ ጀግና የየራሱ መሣሪያና አመታት ነበረውና፤ ዣንግ ፌይ በእባብ ጦሩ ሲመታ ክብደቱ ይሰማሃል፣ ዣኦ ዩን ፈጣን ነው። የጀግናውን ጠባይ የምታውቀው ከንግግሩ በፊት ከእጁ ነው። የመጨረሻው ምርጥ መሣሪያ የሚገኘው በከባዱ ደረጃ፣ ለያንዳንዱ ጀግና በተለየ ፈተና ነበር። ፈተናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከታሪኩ ጋር የተያያዘ ነው።

አራተኛው በ2003 መጣ። ታሪኩን በጀግና ሳይሆን በመንግሥት ከፈለው፣ መሣሪያውም በልምድ እያደገ የሚሄድ ሆነ፣ በጦርነቱ መሀል አንድ አለቃ ለብቻ ፍልሚያ ሲጠራህ እሺ ወይም እምቢ ማለት ቻልክ። እምቢ ማለት መቻሉን ወድጄዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ኤምፓየርስ የሚባለው ቅርንጫፍ ተጨመረ፤ ካርታው ላይ አውራጃ እየያዝክ፣ ሹመት እየሰጠህ፣ የፈለግከውን መንግሥት ታቆማለህ። ወንድሜ ከዚህ በኋላ ሌላ ነገር መጫወት አልፈለገም ነበር። አምስተኛው በ2005 48 ጀግና ይዞ ወጣ፣ ወደ ጀግኖቹ የግል ታሪክ ተመለሰ፣ በሮቹን ትቶ ምሽጎችን አመጣ። ከፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ሥራዎች ይህኛውን እንደ ምርጥ የሚያዩ ብዙ ናቸው፤ ቢከራከሩኝም አልቃወምም። በዚያው ሰሞን ኦሜጋ ፎርስ ዘዴውን ወደ ጃፓን ሳሙራይ ታሪክ፣ ኋላም ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ዓለማት ወሰደው፤ በ2014 ከኒንቴንዶ ዜልዳ ጋር ሳይቀር ተጋባ። ስለ እነሱ ሌላ ጊዜ።

ስድስተኛው በ2007 መገባደጃ ላይ ጃፓን ውስጥ ወጣ። አዲስ ማሽን፣ አዲስ ጉልበት፣ ብዙ ተስፋ። መዋኘት ተቻለ፣ መሰላል ተዘርግቶ ግንብ ላይ መውጣት ተቻለ፣ ወታደሩ እውነተኛ ብዛት አገኘ። አመታቱ ላይ ግን ሬንቡ የሚባል ነገር አመጡ። የካሬና የሦስት ማዕዘን ቆጠራው ቀረና ሳታቋርጥ በመታህ ቁጥር የሚሞላ መስመር መጣ፤ መስመሩ ሲያድግ ምትህ እየረዘመ ማብቂያ ያጣል። በሐሳብ ደረጃ ነፃነት ነው። በእጅህ ስትይዘው ግን ምርጫህን ይወስድብሃል፤ ከሦስተኛው ምት በኋላ ልጥረግ ወይስ ከአራተኛው ልጨምር የሚለው ጥያቄ የለም። የባሰው ደግሞ ብዙ ጀግኖች አንድ ዓይነት አመታት ተጋሩ፣ ሉ ቡ ከነሃልበርዱ፣ ከዚያ ምላጭ ካለው ረጅም ጦሩ ጋር የሚታወቅ ሆኖ ሳለ ሌላ መሣሪያ ተሰጠው፣ ጂያንግ ዌይን፣ ዳ ቺያኦን፣ ደቡባዊውን ንጉሥ ሜንግ ሁዎን የመሰሉ ሰዎች ጭራሽ ቀሩ። ለ41ዱም ጀግና ሙሉ ታሪክ አልተሰጠውም፤ ያገኙት 17 ብቻ ናቸው። የሚያውቁት ሰው ቤት ገብተው ዘመዶቹ በሙሉ የአንድ ሰው ልብስ ለብሰው እንደ ማግኘት ነበር።

ሰባተኛው ከዚህ ስህተት ተምሮ ነው የመጣው፣ በ2011። ቆጠራው ተመለሰ። አንድ ጀግና ሁለት መሣሪያ ይዞ በጦርነት መሀል መቀያየር ቻለ። እኔን የያዘኝ ግን ታሪኩ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ክፍሎች አንተ ካሸነፍክ መንግሥትህ ቻይናን ጠቅልሎ ይገዛል ብለው ነበር የሚጨርሱት። እውነቱ ከዚያ ይመራል፦ ከሦስቱ መንግሥታት አንዱም አላሸነፈም። የሊዩ ቤይ መንግሥት ሹ በ263 ወደቀ። የጻኦ ጻኦ ቤት መንግሥት ዌይ ከውስጥ በሲማ ቤተሰብ ተወሰደ። ሦስተኛው፣ ዉ፣ በ280 ለዚያው ቤተሰብ ለጂን ሥርወ መንግሥት ተንበረከከ። ሰባተኛው ክፍል ጂንን አራተኛ ወገን አድርጎ ሲያስገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ታሪኩን እስከ መራራ ጫፉ ለመናገር ደፈረ።

የሹን ታሪክ ስትጫወት የምትወዳቸው ሰዎች አንድ በአንድ ይወድቃሉ። ጓን ዩ በ219 ፋን ከተማን ከብቦ ሳለ ከኋላው ዉ ጂንግ አውራጃን ነጠቀችው፤ መመለሻ አጣ፣ ተይዞ ተገደለ። ሊዩ ቤይ ሊበቀል ዘምቶ በ222 ዪሊንግ ላይ ሠራዊቱ በእሳት አለቀ። የሹ ጠቅላይ ሚኒስትር ዡጌ ሊያንግ በ234 ዉጃንግ ሜዳ ላይ በሕመም ሞተ። በጦርነትና በጦርነት መሀል ካምፕ ውስጥ በእግርህ እየሄድክ ወታደሮቹን ታነጋግራለህ፤ ትናንት አጠገብህ የነበረው ዛሬ የለም። ወንድሜ ያኔ ከአገር ወጥቶ ነበር። ሰባተኛውን ዶሃ ሆኖ ለብቻው ተጫወተው፣ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ለብቻዬ። የጓን ዩን መጨረሻ ያየሁ ቀን ደወልኩለት፤ እሱም አይቶት ኖሮ ሁለታችንም ብዙ አላወራንም። በፒች አትክልት ስፍራ «በአንድ ቀን ባንወለድም በአንድ ቀን እንሙት» ብለው የማሉት ሦስት ወንድማማቾች፣ ሊዩ ቤይ፣ ጓን ዩና ዣንግ ፌይ፣ ለየብቻቸው ነው የሞቱት። ልብ ወለዱ ያንን ቃል ኪዳን ያኖረው በኋላ እንዲህ እንዲያምም ነው ብዬ አስባለሁ።

ስምንተኛው ደግሞ በ2013 ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ ባይሞቱስ ኖሮ? አንድ ጦርነት ላይ በታሪክ የሞተውን ሰው ብታተርፈው፣ አንድ መልእክት በጊዜ ብታደርስ፣ መንገዱ ተከፍሎ ታሪኩ ወዳልሆነው አቅጣጫ ይሄዳል። ከሁሉም የምወደው ይህን ክፍል ነው። ምክንያቱም ጥያቄው የካርታው ጥያቄ ነው፤ የት ነበር መድረስ የነበረብኝ? መጀመሪያ ስትጫወተው በታሪኩ መንገድ ትሄዳለህ፣ ትሸነፋለህ፣ ታለቅሳለህ። ከዚያ ተመልሰህ ያንኑ ሜዳ ስታይ ቀዩን ነጥብ የት ማቋረጥ እንደነበረብህ ታውቃለህ። ጨዋታ ከመጽሐፍ የተለየ ነገር የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ልብ ወለዱን ሉዎ ጓንጆንግ ጽፎታል ከሚባልበት ከአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስንት አንባቢ ጓን ዩን ለማትረፍ ተመኝቶ ይሆን? እኛ ግን ፈረስ ላይ ወጥተን ሄድን።

በመሣሪያዎቹ መካከል ሰማይ፣ ምድርና ሰው የሚል የሦስትዮሽ ዝምድና ጨምረውበት ነበር፤ አንዱ አንዱን ይበልጣል። ያን ያህል አልወደድኩትም፣ ግን ጉዳትም አላደረሰም።

ዘጠነኛው ላይ ልቆይ፤ ያመመኝ ስለሆነ።

በየካቲት 2018 ሲወጣ ክፍት ዓለም ተብሎ ነው የመጣው። የቻይና ምድር በሙሉ አንድ ሳይቆራረጥ የሚጋለብበት ካርታ፣ 90 ጀግና። ስሰማ ልቤ ዘለለ። ሜዳውን ማስፋት ማለት ይመስለኝ ነበርና። ተጫውቼ ሳየው ግን ሜዳው ሰፍቶ ሳይሆን ጠፍቶ አገኘሁት። ቀድሞ አንድ ጦርነት አራት ግድግዳ ነበረው፤ በሮቹ፣ ድልድዮቹ፣ ገደሎቹ ታስበው የተቀመጡ ናቸው፣ ጊዜ ይገፋሃል። አሁን ግን በባዶ ምድር ላይ ረጅም መንገድ ትጋልባለህ፤ በየመንገዱ ትናንሽ ተልእኮዎች አሉ፣ ሠርተሃቸው ዋናውን ጦርነት ታቀላለህ፤ ባትሠራቸውም ግድ የለም። ምክንያቱም መንጠቆ ያለው ገመድ ተሰጥቶሃል። ግንቡ ላይ ወርውረህ ትወጣለህ፣ ወደ ውስጥ ትዘላለህ፣ ዋናውን አለቃ ትጥላለህ፣ ጦርነቱ አለቀ። በሩ ምን ሊያደርግልህ ነው? የበሩ ጠባቂ ምን ሊያደርግልህ ነው? ከግንቡ ውጭ ያለው ሠራዊት በሙሉ ስለ ምን ይዋጋ ነበር? ከተማው ፊት ሳትቆም፣ ጓደኛ ሳትጠብቅ፣ ወኔ ሳይነሳ ሳይወርድ ታሸንፋለህ። ቀኝ ክንፍ የሚባል ነገር የለም።

እንደገና ብዙ ጀግኖች ሲወጣ አንድ ዓይነት መሣሪያ ተጋርተው ነበር፤ የአንዳንዶቹ የቀድሞ መሣሪያ በኋላ ለብቻው ተጨመረ። አመታቱን በጠላት ሁኔታ ላይ የተመሠረተ አደረጉት፤ ጠላት ቆሞ ነው ወይስ በአየር ላይ ወይስ ተንገዳግዶ፣ በዚያ መሠረት ጨዋታው ራሱ ተገቢውን ምት ያወጣልሃል። አሳ ማጥመድም፣ ማደንም፣ ቤት ማስዋብም ነበር። ለሁለት መጫወት ግን ሲወጣ አልነበረም። ያን ሁሉ ምድር ዘርግተው አጠገብህ የሚጋልብ ሰው አላስገቡም። በኋላ በማሻሻያ ሲጨምሩት ብዙው ሰው ትቶት ሄዶ ነበር፣ እኔንም ጨምሮ።

በሠሪዎቹ ላይ ቂም የለኝም። አንድን ነገር ሃያ ዓመት ሲደጋግሙ የሚመጣውን ድካም እረዳለሁ፣ ሰውም «ለውጡ፣ ለውጡ» ሲላቸው ኖሯል። ሐዘኔ የለወጡት ነገር ላይ ነው። ሰው የሰለቸው ሰይፉ ነበር፤ እነሱ ካርታውን ነኩት።

ከዚያ በ2021 ማብቂያ ጃፓን ውስጥ የዘጠነኛው ኤምፓየርስ ወጣ፣ በከተማ ከበባ ላይ አተኮረ። አለፈ። ከዚያ ዝምታ።

ጥር 17 ቀን 2025 ኦሪጂንስ መጣ። ቁጥር የለውም። ፕሮዲውሰሩ ቶሞሂኮ ሾ ነው። የአንድ ወር ዕድሜ ሳይሞላው አንድ ሚሊዮን ቅጂ መሸጡ ተነገረ። እኔ መጀመሪያ ለመግዛት አመንትቼ ነበር፣ የሰማሁት ነገር ስላሳዘነኝ፦ የምትጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ትዝታው የጠፋበት፣ ስም የሌለው ተቅበዝባዥ። 90 የነበረው ወደ አንድ ወረደ። ጓን ዩን፣ ዣኦ ዩንን፣ ሺያሆው ደንን የመሰሉ ዘጠኝ ባልደረቦች አብረውህ ይዘምታሉ፤ እነሱን ራስህ የምትይዘው ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ነው። ታሪኩም ከቢጫ ጥምጣሞቹ አመፅ ተነስቶ በ208ቱ የቺቢ ጦርነት ላይ ይቆማል። የጓን ዩ ሞት የለም፣ ዉጃንግ የለም፣ ጂን የለም።

ገዛሁት። የመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት ላይ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ቆምኩ።

ሠራዊቱ ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሰው ብዛት ልጅ ሆነን ጉሙ ውስጥ አለ ብለን የምናስበው ያ ብዛት ነው። ሁለት ጭፍራ ፊት ለፊት ተሰልፎ ሲጋጠም ምድሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንተ ከዚያ መሀል አንዱ ነህ። ታላቁ የጠላት ጭፍራ ወኔው እስካልወረደ አትገፋውም፤ አለቆቹን መጣል፣ የሚያዘጋጁትን ጥቃት ከመፈጸሙ በፊት ማክሸፍ አለብህ። ካልደረስክ ከሌላው አቅጣጫ ያሉት ጓደኞችህ ይደመሰሳሉ፣ ጦርነቱ ከእጅህ ይወጣል። ካርታው ተመለሰ። እንዲያውም ከልጅነቴ የበለጠ ጨካኝ ሆኖ ተመለሰ።

ሰይፉም ተቀየረ፣ በዚህ ጊዜ በደህና። የጠላት አለቃ እንደ ዛፍ ቆሞ አይጠብቅህም፤ ይመታሃል፣ አንተም ምቱ ሊያርፍ ሲል በልኩ መክተህ ትመልሳለህ። የጽናቱን መስመር ስትጨርስበት ይከፈትልሃል፣ ያኔ ትገባበታለህ። ሁላኦ በር ላይ ሉ ቡ ጋር ስደርስ ነው ልዩነቱ የገባኝ። ድሮ ጨዋታው «ሉ ቡን አትከተሉት!» ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር፤ እኛም ጉልበታችንን በዳቦ እየሞላን በሁለት ወገን ይዘን እንጥለው ነበር። አሁን ሁለት ወገን የለም። ብቻዬን ገጠምኩት። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። በሦስተኛው ምሽት የፈረሱን ኮቴ ስሰማ እጄ ላብ አለው፤ ግን እያንዳንዱ እንቅስቃሴው ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ፣ እየጠበቅኩ እመክታለሁ፣ እየመከትኩ እገፋለሁ። ሲወድቅ የተሰማኝን ነገር ከዚህ ተከታታይ ጨዋታ አግኝቼው አላውቅም።

ያም ሆኖ የጀግኖቹ ነገር አሁንም ያሳስበኛል። ስም የለሹ ተቅበዝባዥ ደህና ሰው ነው፣ መሣሪያዎቹ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፣ ለአንድ ሰው አሥር ያህል መሣሪያ ማስያዝና እያንዳንዱን በጥንቃቄ መሥራት ለዘጠና ሰው ግማሽ ሥራ ከመሥራት ይሻላል። ግን ልጅ ሆኜ ዣኦ ዩንን ስመርጥ እኔ መሆን ስለሰለቸኝ አልነበረም፤ ሕፃኑን ታቅፎ የወጣውን ሰው ልብ ለአንድ ሰዓት መልበስ ስለፈለግኩ ነው። ይህን የሚተካ ነገር ኦሪጂንስ ውስጥ አላገኘሁም።

ሌላው ሁለተኛው ጆይስቲክ ነው። ኦሪጂንስ ለሁለት አይሆንም። በአንድ ስክሪንም በኢንተርኔትም የለም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ያን ሁሉ ሠራዊት ሁለት ጊዜ መሳል ማሽኑን ይገድለዋል። ስለ ወንድማማችነት የተነገረ ታሪክ ላይ የተሠራ ጨዋታ ግን የወንድምን ወንበር ማንሳቱን መልመድ አልቻልኩም።

ባለፈው ዓመት የሊዩ ቤይን መንገድ መርጬ ቻንግባን ላይ ደረስኩ። ዓርብ ማታ ነው፣ ወንድሜ ዕረፍት ነበር። በቪዲዮ ደወልኩለትና ስልኩን ቴሌቪዥኑን እንዲያይ አድርጌ ከቡና ስኒዎቹ መሀል አቆምኩት። ልጁ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎ «ይሄ ማነው? ያኛውስ?» ይላል፤ ወንድሜ «ቆይ፣ ቆይ» ይለዋል። ሕዝቡ ጓዙን ይዞ ይሸሻል። የጻኦ ጻኦ ፈረሰኞች ከኋላ አቧራውን እያስነሱ ይመጣሉ። አንድ አለቃ ገጠመኝ፣ ሁለት ጊዜ መከትኩት፣ መስመሩ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ምስሉ በስልኩ ላይ እየተቆራረጠ፣ ካርታዋ ከዶሃ እንዴት እንደታየችው እንጃ፣

«ተወው!» አለኝ። «ከኋላ ያለው ሕዝብ ሊያዝ ነው። ሂድ!»

ፈረሴን ጠራሁ።